ጥፋተኛ ፍለጋ፦ እውነተኛ የመርከብ አደጋዎች በቴሌቪዥን ድራማ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፍ)



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት የድራማ አጻጻፍ ትምህርት ስሰጥ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ድራማ እንዴት እንደሚዋቀር ለማሳየት፣ በ1996 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ በሁለት ክፍል የቀረበውን «ታይታኒክ» የተባለ ሥራ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። በድራማው ውስጥ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሞግዚት አለች። የገዛ ሕፃኗን የገደለች፣ አእምሮዋ የታወከ፣ በመጨረሻም የአሠሪዎቿን ጨቅላ ይዛ ወደ ጀልባ የሸሸች ሆና ትታያለች። ትዕይንቱ ሲያበቃ ከተማሪዎቼ አንዷ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ያቺ ሞግዚት ኋላ ምን ሆነች? ተቀጣች ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም የሴትዮዋ ወንጀል በታሪክ የታወቀ እንደ ሆነ ተናግሬ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ።

የተናገርኩት ሐሰት ነበር። ሐሰት መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪዎቼ ተመርቀው ተበታትነው ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው ብትሉት አልቃወምም።

እውነቱ እንዲህ ነው። አሊስ ካተሪን ክሊቨር የተባሉት ሞግዚት ከአሊሰን ቤተሰብ ጋር በታይታኒክ ተሳፍረው ነበር። መርከቡ በሚሰጥምበት ሌሊት የ11 ወር ሕፃን የነበረውን ትሬቨርን ታቅፈው በ11ኛው ጀልባ ወጡ፤ ሕፃኑም ዳነ። አባቱ፣ እናቱና የሁለት ዓመት እኅቱ ሎሬን ግን ከመርከቡ ጋር ቀሩ። ወላጆቹ የልጃቸውን መዳን ሳያውቁ ሲፈልጉት ጊዜው አልፎባቸው ይሆናል የሚል ግምት አለ። በ1909 በእንግሊዝ አገር ልጇን ገድላ የተፈረደባት ሴት ሌላ ነች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ስሕተቱ በድራማው አልተጀመረም፤ ቀደም ብሎ በታተመ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። ነገር ግን መጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ ድራማው ያንን ስሕተት ፊት፣ ድምፅና እንባ ሰጥቶ በሚሊዮን ቤት አስገባው። እኚህ ሴት ያረፉት በ1984 ስለ ነበር ቆመው ሊከራከሩ አልቻሉም። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የእኚህ ሴት ስም ከመቃብር በላይ የዋለው ግን በሌላ ሰው ኃጢአት ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት አንድን ድራማ ለመክሰስ አይደለም። እንዲህ ያለው ስሕተት ከአንድ ደራሲ ስንፍና ብቻ የሚመነጭ ባለመሆኑ ነው። እኔ ራሴ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳስተምረው የኖርኩት የድራማ ሕግ ወደዚያ ይገፋል። ድራማ ግጭት ይፈልጋል፤ ግጭት ባላጋራ ይፈልጋል፤ ባላጋራም ፊት ያለው ሰው እንዲሆን ይፈለጋል። የመርከብ አደጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከአንድ ክፉ ሰው ሳይሆን ከደንብ፣ ከልማድ፣ ከወጪ ስሌትና ከአጋጣሚ መገጣጠም ነው። ደንብ ፊት የለውም፤ ልማድም አይናገርም። ስለዚህ የቴሌቪዥን ደራሲ በደንቡ ቦታ ሰው ያቆማል። ዋና ሐሳቤ ይኸው ነው፦ በእውነተኛ የመርከብ አደጋ ላይ የተመሠረቱ የቴሌቪዥን ድራማዎች ትልቁ ጉድለት የአለባበስ ወይም የዕቃ ስሕተት ሳይሆን፣ ጥፋትን ከአሠራር ላይ አንሥተው በሰው ላይ መጫናቸው ነው።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን መለየት ይገባል። በ1979 «ኤስ. ኦ. ኤስ. ታይታኒክ» በሚል ርእስ የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም መርከቡ ሳይሰበር ሲሰጥም ያሳያል። ዛሬ መርከቡ ለሁለት እንደ ተሰበረ እናውቃለን፤ ያወቅነው ግን ስብርባሪው በ1985 በውቅያኖሱ ወለል ላይ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የብሪታንያው የምርመራ ጉባኤም ሳይሰበር ሰጠመ ብሎ ደምድሞ ነበር። እንግዲህ የ1979ኙ ፊልም የተሳሳተው ዘመኑ ከሚያውቀው በላይ ማወቅ ባለመቻሉ ነው። ይህ በጊዜ የሚታረም፣ ማንንም የማይጎዳ ስሕተት ነው። የሞግዚቷ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ ላይ ደራሲው ከሚገኙት ማስረጃዎች መካከል ለልብ ሰቀላ የሚመቸውን መርጧል። ተመልካቾች ሰዓቱ፣ ቆቡ፣ የሳህኑ ሥዕል ትክክል አይደለም እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ግን የሳህኑን ሥዕል ይቅር እላለሁ፤ የሰውን ስም ግን ይቅር ለማለት ሥልጣን የለኝም።

አሁን ወደ አደጋው ራሱ እንሂድና ድራማው ሊያሳየን ሲገባ ያላሳየንን እንመልከት። ታይታኒክ ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጨ፤ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆይቶም ሰጠመ። ከተሳፈሩት 2,200 ያህል ሰዎች 1,500 ገደማ አለቁ። በመርከቡ ላይ 20 የሕይወት አድን ጀልባዎች ነበሩ፤ ሁሉም ቢሞሉ የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር። መርከቡ ግን በሙሉ አቅሙ ሲጫን ከ3,300 ሰው በላይ ይይዛል።

«ይህን ያደረገ ጨካኝ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ ይሆናል። መልሱ ድራማን የሚያስቸግር ነው፤ ማንም ሕግ አልጣሰም። በ1894 የወጣው የብሪታንያ የንግድ መርከቦች ሕግና እርሱን ተከትሎ የቆየው ደንብ የጀልባን ቁጥር የሚወስነው በተሳፋሪው ብዛት ሳይሆን በመርከቡ ቶን ነበር። የሠንጠረዡ የመጨረሻ መደብ 10,000 ቶንና ከዚያ በላይ ነው፤ ለእርሱም 16 ጀልባ ይበቃል ይላል። ታይታኒክ ከ46,000 ቶን በላይ ነበር። መርከቦች በዓመታት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ አደጉ፤ ሠንጠረዡ ግን አላደገም። ባለ መርከቦቹ እንዲያውም ሕጉ ከሚጠይቀው አራት ጀልባ ጨምረው ነበር። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ትዕይንት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልክቶ፣ «ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽበት ነው። ይህን ትዕይንት ግን በስንት ድራማ አይታችሁታል?

በዚህ ፈንታ የምናየው የመርከቡን ኩባንያ ሊቀ መንበር ብሩስ ኢስሜይን ነው። በድራማው ካፒቴኑን ፍጠን እያለ ይጎተጉታል፤ ኋላም ሴቶችን ቀድሞ ወደ ጀልባ ይገባል። የብሪታንያውን ምርመራ የመሩት ሎርድ መርሲ ግን ኢስሜይ ባይሳፈር ኖሮ በጠፉት ነፍሶች ላይ አንዲት ነፍስ ከመጨመር በቀር የሚለወጥ ነገር እንዳልነበረ ጽፈዋል። ስለ ፍጥነቱም ያሉት ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ካፒቴን ስሚዝ የተከተሉት ብዙ ካፒቴኖች ለዓመታት ሲከተሉት የኖሩትን ልማድ ስለ ነበር በቸልተኝነት አይጠየቁም፤ ከእንግዲህ ግን በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲህ የሚያደርግ ካፒቴን ቸልተኛ ይባላል አሉ። በእውነቱ የተፈረደበት ልማዱ ራሱ ነበር። ልማድን ለፍርድ ማቅረብ ለዳኛም ለደራሲም ከባድ ነው፤ ቀላሉ መንገድ የወደቀውን ሰው መምታት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ።

ይህ ዝንባሌ የቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። በ1997 ለሲኒማ የቀረበው ዝነኛው ፊልም የመርከቡን አንደኛ መኮንን ዊልያም ማርዶክን መንገደኞችን ተኩሶ ራሱን እንደ ገደለ አድርጎ አሳየ። መኮንኑ ብዙ ሰዎችን በጀልባ ያሳፈረ ሰው ነበር፤ ራሱን ስለ መግደሉም የተረጋገጠ ነገር የለም። የተወለደባት የስኮትላንድ ከተማ ዳልቢቲ ተቆጣች። በ1998 የፊልሙ ኩባንያ ኃላፊ ወደዚያው ተጉዞ ይቅርታ ጠየቀ፤ በማርዶክ ስም ለተሰየመ የትምህርት ቤት ሽልማትም 5,000 ፓውንድ ተሰጠ። ማርዶክ ተቆርቋሪ ከተማና ዘመድ ስለ ነበረው ይቅርታ ተጠየቀለት። ለሞግዚቷ ግን ማን ይቆጣላት?

ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ጉድለት ያደርሰናል፤ እርሱም ስም የሚሰጠውና የማይሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ትንሿ ሎሬን ከአንደኛ ማዕረግ ሕፃናት መካከል የሞተች ብቸኛዋ ልጅ ነበረች። ታሪኳ ልብ ይሰብራል፤ ሊነገርም ይገባል። ነገር ግን በብሪታንያው የምርመራ ዘገባ መሠረት በሦስተኛ ማዕረግ ከነበሩት 79 ልጆች የዳኑት 27 ብቻ ናቸው። 52ቱ ልጆች በድራማው ውስጥ የት አሉ? በመተላለፊያው ላይ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይጠፋሉ። በአጠቃላይ ከአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች መቶኛ 62 ያህሉ ሲድኑ ከሦስተኛ ማዕረግ የዳኑት 25 ከመቶ ገደማ ናቸው።

ድራማው ይህን ልዩነት ሊያስረዳ ሲሞክርም በአንድ ጨካኝ አስተናጋጅ እጅ የተቆለፈ በር ያሳየናል። በሮችና መከለያዎች ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ በላይ የሚያስረዳን ሌላ ነገር አለ። ጀልባዎቹ የተሰቀሉት በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ መንገደኞች ክልል ነበር። ከታች የሚኖረው ሰው ወደዚያ ለመድረስ አይቶት የማያውቀውን የመተላለፊያና የደረጃ ውስብስብ ማለፍ ነበረበት፤ ከመንገደኞቹም ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አያነቡም። በሩን የዘጋው ሰው በሌለበትም ቦታ መርከቡ ራሱ ዝግ ነበር። ይባስ ብሎ በብሪታንያው ምርመራ አንድም የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ለምስክርነት አልተጠራም። እንግዲህ መዝገቡ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ነው የድራማ ምናብ የሚያስፈልገው። ደራሲ ለአንዲት ስሟ ላልተመዘገበ እናት ድምፅ ቢሰጣት ማንንም አይዋሽባትም፤ የጎደለውን ይሞላል እንጂ።

በአንጻሩ በ2012፣ አደጋው 100ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በብሪታንያው አይቲቪ በአራት ክፍል የቀረበውንና ጁሊያን ፌሎውስ የጻፈውን «ታይታኒክ» ተመልከቱ። አወቃቀሩ የሚመሰገን ነበር። ያንኑ ሌሊት በየክፍሉ ከልዩ ልዩ መንገደኞች ዐይን ደጋግሞ ያሳያል፤ በዚህም የመኳንንቱንና የአገልጋዩን ሌሊት ጎን ለጎን አስቀምጧል። ነገር ግን በዝቅተኛው ክፍል ያለው ኑሮ ብቻውን ተመልካች አይስብም ብሎ የሰጋ ይመስላል። በ1911 በለንደን በሲድኒ ጎዳና ከተካሄደው ከበባ ጋር በስሙ የተያያዘ አናርኪስት በመርከቡ ላይ አሳፈረ። ሊሰጥም በተቃረበ መርከብ ላይ ተሸሻጊ ወንጀለኛ መጨመር ለምን አስፈለገ? በሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረ ድኻ ቤተሰብ፣ ንብረቱን ሸጦ ባሕር የሚሻገር አባት፣ በራሱ በቂ ታሪክ አልነበረምን?

ሦስተኛው ጉድለት ድራማው የሚያበቃበት ቦታ ነው። አብዛኞቹ ድራማዎች መርከቡ ሲሰጥም ወይም የተረፉት ሲለቀሙ መጋረጃቸውን ይዘጋሉ። የአደጋው ትርጉም የሚገለጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በቅርብ ርቀት ቆሞ የነበረው ካሊፎርኒያን የተባለ መርከብ አንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ብቻ ነበረው፤ እርሱም ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ይህንንም የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በ1914 በለንደን የተፈረመው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ለእያንዳንዱ ሰው የጀልባ ቦታ እንዲኖር፣ በመርከቦች ላይ የማያቋርጥ የራዲዮ ጥበቃ እንዲደረግ፣ የበረዶ ግግር የሚጠብቅ ቅኝትም እንዲቋቋም ወሰነ። 1,500 ሰው ያለቀበት ጉዳይ በሦስት አንቀጾች ተመለሰ። እነዚያ አንቀጾች አስቀድመው ቢጻፉ ኖሮ የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከማንኛውም የፍቅር ታሪክ ይበልጥ ልብ ይሰቅላል።

ይህ በቴሌቪዥን አይቻልም የሚል ካለ በ2023 በፊንላንድ መሪነት የተሠራውን «ኤስቶኒያ» የተባለ ባለ ስምንት ክፍል ድራማ ይመልከት። በሴፕቴምበር 1994 በባልቲክ ባሕር የሰጠመችው ኤስቶኒያ 852 ሰዎችን ይዛ ጠፍታለች። ድራማው የአደጋውን ሌሊት ያሳያል፤ ነገር ግን የታሪኩን አከርካሪ ያደረገው ከዚያ በኋላ የተካሄደውን ምርመራ ነው። በ1997 የወጣው የምርመራ ዘገባ አደጋውን ያያያዘው ከመርከቧ የፊት መዝጊያ ቁልፎች መሰበር ጋር ነበር። መሐንዲሶች በአንድ የብረት ቁልፍ ላይ ሲከራከሩ ማየት አሰልቺ ይመስላል። ይሁን እንጂ የብረቱ ውፍረት የ852 ሰዎች ዕጣ መሆኑን ያወቀ ተመልካች አይሰለችም።

ክቡራትና ክቡራን፤

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ የሩቅ ባሕር ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ ነገር ባሕሩ ሩቅ አይደለም። በጁን 2024 ከሶማሊያ የባሕር ዳርቻ የተነሣች 260 ሰው የጫነች ጀልባ በየመን ጠረፍ ስትገለበጥ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፤ 140 ደግሞ የገቡበት ጠፋ። ከተሳፋሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች መካከል አንዱ ወይም አንዷ ነገ ይህን ታሪክ ለቴሌቪዥን መጻፋችሁ አይቀርም፤ መጻፍም ይገባችኋል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፈተናችሁ ደላላው ይሆናል። ደላላው ዝግጁ ባላጋራ ነው፤ ፊት አለው፣ ገንዘብ ይቈጥራል፣ ይዋሻል። ጥፋተኛ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን ድራማችሁ በደላላው እስራት ካበቃ፣ ተመልካቹ ነገሩ ተፈታ ብሎ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ይተኛል፤ በማግሥቱም ሌላ ጀልባ ይነሣል። ልጁ ለምን ሕጋዊ መንገድ አላገኘም? እናቱ ለምን በሬዋን ሸጠችለት? ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ስትጫን የሚቈጣጠር ማን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ፊት የላቸውም፤ ፊት መስጠት የእናንተ ሙያ ነው።

ድራማ የታሪክ መዝገብ ይሁን እያልኩ አይደለም። ደራሲ የመፍጠር መብት አለው፤ ያለ ፈጠራ ድራማ የለም። የምጠይቀው የፈጠራውን ወሰን ነው። አንደኛ፣ ወንጀል የምትፈጥሩ ከሆነ ለፈጠራችሁት ሰው ስጡት፤ እውነተኛ ስም ለያዘና ሞቶ መልስ መስጠት ለማይችል ሰው አትስጡት። ሁለተኛ፣ ደንቡንና ልማዱን ቢያንስ አንድ ትዕይንት ስጧቸው፤ ሠንጠረዡን የሚፈርመውን ሰው አሳዩን። ሦስተኛ፣ ምናባችሁን መዝገብ ለረሳቸው አውሉት፤ ከታች ላሉት ስም ስጧቸው። አራተኛ፣ ውኃው ሲረጋ አትሂዱ፤ ምርመራው፣ ሙግቱና ሕጉ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ወደዚያች ተማሪ ጥያቄ ልመለስ። «ሞግዚቷ ተቀጣች ወይ?» ብለሽኝ ነበር። ይህ ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ስለሚወጣ ምናልባት ታነቢው ይሆናል። መልሴ የሚከተለው ነው። ጥፋት አልነበራትም። አንድ ሕፃን አቅፋ ከሚሰጥም መርከብ አወጣች። የተቀጣችው ከሞተች በኋላ ነው፤ ከቀጧትም መካከል አንዱ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።